ማንን ትጠረጥራላችሁ?

የእህቴ ልጅ የውጭ ፊልሞችን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለሰች ነው የምትተዳደረው። ቃል ሲቸግራት ለእኔ ትደውላለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ አጎት ለሌላ ለምንም ባይሆን ለዚህ ይጠቅማል ብላ መሆን አለበት። ባለፈው ሰሞን የደወለችው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዲቴክቲቭና ኦፊሰር ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ ሰውዬ ሌላውን ‹ኦፊሰር› ብሎ ሲጠራው፣ ያኛው ‹ዲቴክቲቭ!› ብሎ ያርመዋል፤ ደግሞ ተቆጥቶ። እኔ ሁለቱንም ‹መኮንን› ብያቸው ቁጣው ትርጉም አጣብኝ።»

«አንዱን ፖሊስ፣ ሌላውን መርማሪ በያቸው» አልኳት። ሥራዋን ጨርሳ ተኛች መሰለኝ። ትርጉሙ ይሠራል፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የእኛ ተመልካች «መርማሪ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ ላይ የሚመጣው ሰው፣ ፊልሙ ውስጥ ካለው ሰውዬ ጋር ይተዋወቃል ወይ? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው።

መጀመሪያ ከማዕረጉ እንጀምርና እንገላገለው። በእንግሊዝኛ ኦፊሰር ማለት ዛሬ ጠዋት ሥራ የጀመረው ተራ ፖሊስ ጭምር ነው፤ የአክብሮት መጥሪያ ነው። የእኛ «መኮንን» ግን ትከሻው ላይ ኮከብ ያለው፣ ጥንት ከአባዲና ተመርቆ የሚወጣው ዓይነት ሰው ነው። ዲቴክቲቭ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የፖሊስ አለቃ አይደለም። እንግሊዝ አገር መርማሪ ሳጅንና የደንብ ልብስ የለበሰ ሳጅን እኩል ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዲቴክቲቭ የራሱ ሦስት ደረጃዎች ቢኖሩትም፣ በትዕዛዝ ረገድ ከሳጅን በላይ አይደለም። ታዲያ የፊልሙ ሰውዬ ምን አስቆጣው? ሥራው ነዋ! ተመርጦ የገባበት ሥራ ስሙ ሲቀየርበት ማን ደስ ይለዋል? ዶክተርን «ነርስ» ብለው ቢጠሩት፣ ነርስንም «ዶክተር» ብለው ቢጠሩት የሚሰማቸውን አስቡት።

የሥራው ልዩነት የሚገባን ሁለቱ ሲለያዩ ያየን እንደሆነ ነው፤ የተለያዩት ደግሞ ለንደን ላይ፣ በብዙ ጭቅጭቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1829 ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ከሌባው ይልቅ ያሳሰበው ሕዝቡ ነበር። እንግሊዞች በዚያ ዘመን «ፖሊስ» ሲባል የሚታያቸው የፈረንሳይ ጆሮ ጠቢ ነው። ከቀማኛ መዘረፍ ይሻለናል ባይ ሞልቷል። ስለዚህ ፒል ለሰዎቹ ልብስ ተጨነቀ። የወታደሩ ቀለም ቀይ ስለነበር ሰማያዊ አለበሳቸው። ረጅም ባርኔጣ አደረገላቸው፤ አንገታቸው ላይ ቁጥር ለጠፈባቸው። ማንም ከሩቅ ያያቸዋል፣ ካጠፉም በቁጥራቸው ይከሳቸዋል። ልብ በሉልኝ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ዋና ሥራው መታየት ነው። መንገዱ ጥግ ላይ ሲቆም ሌባው ያየውና ይመለሳል። የመለሰውን ሌባ ማንም አይቆጥርለትም፤ ምስኪን፣ ሳይመሰገን ይውላል።

የታየውን ልብስ ያወለቀ ፖሊስ ምን እንደሚመስል ለንደኖች ብዙም ሳይቆዩ አዩት። ፖፔይ የሚባል ሳጅን ድሃ ሠዓሊ መስሎ አንድ የሠራተኞች የፖለቲካ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ከአባላቱ ጋር ሲበላና ሲጠጣ ከርሞ ተደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1833 ነገሩ ፓርላማ ቀርቦ ተወገዘ፤ ሰውዬውም ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ልብስ የቀየረ ፖሊስን ለማየት የሚደፍር ጠፋ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ግን ዳንኤል ጉድ የሚባል ሰው መጣ። አንድ ፖሊስ ስለተሰረቀ ሱሪ ሊጠይቀው ሄዶ፣ ፈረስ ጋጣ ውስጥ የሴት ሬሳ ያገኛል። ጉድ (ስሙ ለእኛ ጆሮ እንዴት ይገጥማል!) ፖሊሱን ከነሬሳው ቆልፎበት እብስ አለ። ሰማያዊ የለበሱት ሁሉ ከተማውን ለቀናት ቢዞሩት ሰውዬው ከፊታቸው እየቀደመ አስቸገረ። ሲመጡ ከሩቅ ይታዩ የለ! በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ሁለት ኢንስፔክተሮችና ስድስት ሳጅኖች ብቻ ያሉበት የዲቴክቲቭ ክፍል ተቋቋመ። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ለሚኖርባት ከተማ ስምንት ሰው።

ቃሉም ያኔ ለጋ ነበር። ሥሩ ላቲን ነው፤ ክዳን ማንሣት፣ የተሸፈነን መግለጥ ማለት ነው። ዲከንስ ሰዎቹን እ.ኤ.አ. በ1850 ቢሮው ድረስ ጠርቶ፣ አጫውቶ፣ በመጽሔቱ ላይ ጻፈላቸው፤ ቀጥሎም ባኬት የሚባለውን መርማሪ ልብ ወለዱ ውስጥ አስገባው። ተማሪዎቼን ሳስተምር የምወደው ክፍለ ጊዜ ይኸ ነበር። ሼርሎክ ሆምስን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ከሆምስ በፊት ግን ደመወዝተኛ የሆኑ፣ ቡት ጫማቸው ጭቃ የነካ እውነተኛ ሰዎች እንደነበሩ ሲሰሙ ይገረማሉ። የእኛም ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ሲጽፍ ያነበበው ትውልድ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል።

ከስምንቱ አንዱ ዊቸር ይባላል፤ የአትክልተኛ ልጅ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1860 መጨረሻ፣ ሮድ በምትባል የገጠር መንደር፣ ባለጠጋ ቤት ውስጥ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሌሊት ከአልጋው ጠፋ። ጠዋት የአገልጋዮቹ ሽንት ቤት ውስጥ ታርዶ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊሶች ደረሱ። ማንን ጠረጠሩ? ሞግዚቷን። ሕፃኑ የሚተኛው እሷ ክፍል ነዋ፤ ደግሞስ ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ጌታው? እመቤቲቱ? የጌታው ሴት ልጅ? በዚያው በመጀመሪያው ቀን ፖሊሶቹ ማድቤት ምድጃ ሥር የተሸጎጠ፣ ደም የነካው የሴት የውስጥ ልብስ አገኙ። ባለቤቱ ሲመጣ እንይዛለን ብለው መለሱት፤ ልብሱ ጠፋባቸው። አፈሩና ነገሩን ለወራት ደበቁት።

ዊቸር ከለንደን የደረሰው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው፤ ስለዚያ ልብስ አንድም ሰው አልነገረውም። እሱ ግን የጠየቀው የልብስ አጣቢዋን መዝገብ ነው። የጌታው ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኮንስታንስ፣ ሦስት የሌሊት ልብስ ነበራት፤ ዊቸር ያገኘው ሁለት ነው። ሦስተኛው የት ሄደ? አጣቢዋ ጠፋባት አሉ። አጣቢዋ ደግሞ አልደረሰኝም አለች። ዊቸር በዚህች በሌለች ሌሊት ልብስ ላይ ተነሥቶ ልጅቱን አሰረ።

አገር ተነሣበት። አንድ የአትክልተኛ ልጅ የጨዋ ልጅ የውስጥ ልብስ ሊቆጥር! ጋዜጣው ሰደበው፤ ፓርላማ ውስጥ ተወቀሰ። ኮንስታንስ ተለቀቀች። ከዚያስ? ከዚያማ ሞግዚቷን እንደገና ያዟት። ማስረጃ ሲጠፋ እሷም ተለቀቀች። ዊቸር ጤናውን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1864 በጡረታ ወጣ። በዓመቱ፣ በ1865፣ ኮንስታንስ ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ «የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። ሞት ተፈርዶባት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላትና ሃያ ዓመት ታሰረች።

ይኸን ያህል ሮድ ላይ የቆየሁት ልዩነቱ ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ነው። ፖሊሶቹ የጠየቁት ሰውን ነው፤ ዊቸር የጠየቀው ልብስን ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። «ምርመራ» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። ሐኪም ይመረምራል፤ ላቦራቶሪ ደምና ሽንት ይመረምራል፤ ሊቅ መጻሕፍት ይመረምራል። ፖሊስ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ይጠብባል። «ተመረመረ» ሲባል የተመረመረው ዕቃው፣ በሩ፣ ቁልፉ አይደለም፤ ሰውዬው ነው። ውጤቱም «ቃል» ይባላል፤ ቃሉን ሰጠ፣ ቃሉን ተቀበሉት። ከማዕከላዊ የወጣ ሰው «ተመርምሬያለሁ» ሲል ሐኪም ቤት የሄደ የሚመስለው አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ያ ቦታ በ2010 ዓ.ም ተዘግቷል፤ ቃሉ ላይ የተወው ጠረን ግን በትእዛዝ የሚዘጋ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፣ በማስገደድም እንዲያምን አይደረግም ይላል። ያለመናገር መብት ያለው ሰው ፊት የተቀመጠ መርማሪ፣ ሥራው ቃል መቀበል ብቻ ከሆነ ምን ሊሠራ ነው?

ጥንትም እንዲሁ ነበርና አንፍረድ። አያቶቻችን ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። አገሬው ተሰብስቦ፣ በመሐላ፣ የሰማውንና የጠረጠረውን ያወጣል። ወፍ ነገረኝ ማለትም ነበር፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሌባ ሻይም ነበር፤ አንድ ልጅ ተጠጥቶ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠውና በገመድ ተይዞ ሲንገዳገድ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁሉም ሰው ፍለጋ ነው። ሆኖም ሌላም ባህል ነበረን። በሬው የጠፋበት ገበሬ ማንን ትጠረጥራለህ እስኪባል አይጠብቅም። ጎንበስ ብሎ ኮቴ ይፈልጋል። የራሱን በሬ ኮቴ ከመቶ ኮቴ ይለያል፤ እበቱ መድረቁን አይቶ በሬው መቼ እንዳለፈ ይገምታል። ይኸ ሰውዬ ዊቸርን ሳያውቅ የዊቸር ባልደረባ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስንገነባ ዱካ ተከታዩን ሜዳ ላይ ትተን አውጫጭኙን ብቻ ቢሮ ውስጥ ያስገባን ይመስለኛል።

ይኸን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ጎረቤቴ ቤት ወርቅ ጠፋ፤ አንድ ሀብልና ሁለት አምባር። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ልትዘጋጅ ሣጥኗን ስትከፍት ባዶ ሆነባት። ጩኸቷን ሰምተን ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አንድ ወጣት ፖሊስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ሥራውን አሳምሮ ሠራ። ኮፍያውን አውልቆ ሴትዮዋን «አይዞዎት እማማ» ብሎ አስቀመጣት፤ ግር ብሎ የገባውን ሰው በትሕትና አስወጣ፤ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ማንም እንዳይነካ አለ። ሲደርስ ሰዉ ጸጥ አለ። የደንብ ልብስ ማለት ይኸ ነው።

ከዚያ ጣቢያ ሄድን። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ መርማሪ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ በመዝገብ ተከምሮበታል። እስክሪብቶውን ከፈተና ቀና ሳይል ጠየቀ፦

«የምትጠረጥሩት ሰው አለ?»

መቼ ጠፋ አይደለም። የት ነበር አይደለም። ማንን ትጠረጥራላችሁ። እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ተብላ ያደገች ሴት፣ ቤቷ ውስጥ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ሠራተኛ እያለች፣ ማንን ትጥራ? ስሙ ተጻፈ። ማታውኑ ልጅቱን መጥተው ወሰዷት። በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ የሚባለው ነገር እሷ ዘንድ አልደረሰም፤ ሦስት ሌሊት ጣቢያ አደረች። ምግብ ይዤላት ስሄድ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አታለቅስም። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለችኝ፣ ተረኛውን ፖሊስ እያየች።

በአራተኛው ቀን መዝገቡ ወደ ሌላ ሰው ዞረ፤ ጡረታው የተቃረበ ኢንስፔክተር። በእግሩ መጣ። ሻይ ቀረበለት፤ ጠጣ። ስለ ልጅቱ አልጠየቀም። ቁም ሣጥኑን አሳዩኝ አለ፤ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀ። ቁም ሣጥኑ ላይ ነው አለች።

«ወርቁን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«በዋዜማው፤ ቦታው ላይ ነበር።»

«ወርቁን ነው ያዩት ወይስ ሣጥኑን?»

ሴትዮዋ ዝም አለች። ሣጥኑን ነው ያየችው። ቁም ሣጥኑን በከፈተች ቁጥር ሣጥኑን ታያለች።

«አድርገውት የወጡት መቼ ነው?»

«ጥር ላይ፤ የወንድሜ ልጅ ሲዳር።»

«ከጥር ወዲህ ቤቱ ውስጥ ማን ማን ገብቷል?»

ቁጥሩ ተጀመረ። በጾም ቤቱን የቀቡ ቀለም ቀቢዎች። ፊውዝ የቀየረ ኤሌክትሪሻን። ከክፍለ ሀገር መጥተው የከረሙ ዘመዶች። ሴትዮዋ ስትቆጥር ፊቷ ይለዋወጣል።

«ልጅቱስ መቼ ተቀጠረች?»

«መጋቢት አጋማሽ።»

ኢንስፔክተሩ ጻፈ፤ ደብተሩን ዘጋ። ልጅቱ በማግስቱ ተለቀቀች። ወርቁ እስከ ዛሬ አልተገኘም። መርማሪ ሁልጊዜ የሚያገኝ ፊልም ላይ ነው።

ሲወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ወርቁንና ሣጥኑን መለየት ከየት እንደመጣለት ጠየቅሁት። ሳቀ። «መምህር፣ እኔ ምርመራ የገባሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሰፈር ውስጥ ቆሜያለሁ፣ በደንብ ልብስ። ቆሞ የሚውል ሰው የሰው ቤት ኑሮ ያያል። ወርቅ ያላት ሴት ወርቋን የምታየው ለሰርግ ነው።»

የዚህን ሰው ንግግር ያስታወሰኝ የለንደን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያደረገው ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ መርማሪ የሚሆን ሁሉ መጀመሪያ የደንብ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ማገልገል ነበረበት። የመርማሪ እጥረት ሲጠናባቸው የተማረ ሰው መንገዱን ሳይረግጥ በቀጥታ መርማሪ ለመሆን እንዲሠለጥን በሩን ከፈቱ። የሚደግፉት አሉ፤ ዛሬ ማስረጃው ያለው ስልክና ባንክ ውስጥ ነው፣ መንገድ ላይ መቆም ምን ያደርጋል ይላሉ። ይሁን። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የቆመውን ሰውዬ ስላየሁ ልቤ ወደ እሱ ያደላል። ጃኬት የለበሰውን መርማሪም ክፉ ሰው ነው አልልም። ያ ሁሉ መዝገብ ተከምሮበት፣ መኪና ሳይኖረው፣ ዱካ ተከተል ቢሉት በየትኛው ጊዜው? ስም ሲሰጡት አንድ መዝገብ ይንቀሳቀስለታል። የጎረቤቴ ሣጥን ጋ ለመሄድ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፤ ልጅቱን ለማምጣት ሩብ ሰዓት በቃ። ርካሹ መንገድ ሁልጊዜ በማድቤት በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሮድም እንደዚያው ነበር።

ለእህቴ ልጅ በማግስቱ ደወልኩላት። «‹መርማሪ› ያልኩሽን እንዳለ ተይው፤ ሌላ የተሻለ ቃል የለንም። ሰውዬው ግን ምን ሲሠራ ነው የሚታየው?» አልኳት።

«ምንም። ተንበርክኮ የበር እጀታ ያያል። አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚናገረው የለም፤ ለእኔ ዕረፍት ነው» አለችኝ።

ጎረቤቴ ልጅቱን እንድትመለስላት ለምናት ነበር፤ ደመወዝም ልትጨምርላት። ልጅቱ እምቢ አለች። ከተፈታች በሦስተኛው ቀን ከአጎቷ ጋር ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። እኔም ነበርኩ። ማድቤት አጠገብ ካለችው ክፍሏ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ተንበረከከችና ዚፑን ከፍታ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣች ወለሉ ላይ ደረደረችው፤ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሹራብ፣ የቅባት ቆርቆሮ። ባዶውን ሻንጣ ገልብጣ አራገፈችልን። አሳይን ያላት ሰው አልነበረም።